ስማችን ሲጠራ የመለሰው ሰው

ውድ ወንድሜ ባልሴር፣

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር አሰብኩና እጄ ተያዘ። «እንደምን» የሚለው አይደለም የቸገረኝ፤ «አለህ» የሚለው ነው። ስለዚህ ሰላምታውን ዝለለው። ድሮም ሰላምታ ሲበዛብህ «በቃ በቃ፣ ወደ ነገሩ ግቢ» ትለኝ ነበር። እንግዲያው ወደ ነገሩ ልግባ።

በዚያ ኅዳር የጠፉትን በጎች ልትፈልግ ወደ ተራራው ወጥተህ ጭጋግ ከዋጠህ በኋላ ያልተፈለግህበት ቦታ የለም። ውሻ መጣ፣ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ከፑንታልታ መንደር እግር ያለው ሁሉ ወጣ። የተገኘው ከረጢትህ ብቻ ነው። ከላይኛው የእረኞች ጎጆ ደጃፍ ላይ፣ ማሰሪያው እንደታሰረ፣ ግድግዳውን ተደግፎ በወጉ ተቀምጦ ነበር። እማ ይህን ስትሰማ «ተመልሶ ሊወስደው ነዋ!» አለች። ዓመቱን በሙሉ በዚያች ቃል ኖረች፤ ኑሮ ከተባለ። ሾርባዋን እየቀዳች ሳትቀምሰው ታነሣዋለች። አንገቷ ቀጥኖ የቀሚሷ አንገትጌ እንደ ሌላ ሰው ልብስ ሰፋት። እኔም የምበላው እሷ ፊት ላለመብላት ተደብቄ ነበር፤ ጋራዥ ውስጥ፣ አውቶቡሴ ላይ ተቀምጬ።

ዓመቱ ሲሞላ አጎቴ ክሎ መጣ። ታውቀዋለህ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ በወገቡ አስሮ፣ መንግሥተ ሰማያትም በዚያው ቁልፍ የሚከፈት እየመሰለው የሚዞር ሰው ነው። ባርኔጣውን ሳያወልቅ፣ ቁልፉን በእጁ እያዞረ ወጥ ቤት ቆመ።

«እህቴ ባርላ፣» አላት እማን፣ «ጊዜው ደርሷል። የታርኑዛ ቤት ወንድ እሱ ብቻ ነበር። ስሙ መጠራት አለበት።»

«ልጄ አልሞተም።»

«ካልሞተ ይመልሳላ! የሚጠራው ለዚያ አይደል እንዴ?»

«አንተ ራስህ ብትጠራ ትመልሳለህ? ሚስትህ ስትጠራህ እንኳን አትሰማም!» አለችው። አጎቴ ክሎ ግን አልሳቀም።

ልማዱን ታውቀዋለህ፤ ግን ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ቀጥሎ የሆነውን እኔም አላምነውም። የአንድ ቤት የመጨረሻ ወንድ ሲሞት፣ ወይም ጠፍቶ ዓመት ሲያልፈው፣ ሽማግሌው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ የቤተሰቡን ስም ሦስት ጊዜ ይጣራል። መልስ ከሌለ ከመቀመጫችን በላይ ግድግዳው ላይ ያለው የእንጨት ጋሻ፣ የቤታችን አርማ፣ ተገልብጦ ይሰቀላል። «ዛሬ ታርኑዛ፤ ከዛሬ በኋላ ማንም የለም» ይባላል፤ አለቀ። ሴት አትቆጠርም። እኔ፣ ስሙን ይዤ ያረጀሁት፣ በስሙ ግብር የምከፍለው፣ በስሙ ፖስታና መንገደኛ የሚጭነውን አውቶቡስ የምነዳው ኔይዛ ታርኑዛ፣ እዚያው ቆሜ ስሜ ሲጠራ ጭጭ ማለት አለብኝ። ተወው፣ እሱ የዛሬ ጠብ አይደለም።

የጥሪው ዕለት ጠዋት የተለመደውን ጉዞዬን ልሠራ ወደ ታች ወርጄ ነበር። ከባቡር ጣቢያው አንድ ሰው ተሳፈረ። ቀጭን፣ የከተማ ጫማ ያደረገ፣ ጣልያንኛውን እንደ ውኃ የሚያወርድ። ከኋላዬ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠና ወሬ ጀመረ። ከጣልያን አገር፣ ከትሪየስቴ ነው የመጣው።

«እመቤቴ፣ ፑንታልታ ስንደርስ ይነግሩኛል? የቤተሰቤን አገር ለማየት ነው የመጣሁት።»

«ቤተሰብህ ማን ይባላል?»

«ታርኑዛ። ሊቪዮ ታርኑዛ።»

ፍሬን ረገጥኩ። ከኋላ የነበሩት አሮጊቶች ጮኹብኝ። ሰውዬው ግን ምንም ሳይመስለው ከቦርሳው አንድ የሸክላ ሳሕን አውጥቶ በመስታወቱ አሳየኝ። ወርቅማ ጋሻ ላይ ቀይ አንበሳ፣ ዘውድ የደፋ፣ ከሥሩ ስማችን በትልቁ ተጽፎ። ለቱሪስት ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው የገዛው። ስምህን ትነግራቸዋለህ፣ እነሱ ከኮምፒውተር አርማህን ያወጡልሃል።

«ይሄ የኛ አይደለም» አልኩት። «የኛ በር ነው።»

«በር?»

«ጥቁር ጋሻ ላይ ገርበብ ያለ ነጭ በር። ደግሞም አርማ በስም አይሸጥም። አንድ ስም ያለው ሁሉ አንድ ቤት አይገባም። ታች ሸለቆው ውስጥ ሌሎች ታርኑዛዎች ነበሩ፤ የነሱ ዓሣ ነበር፤ እኛ ሳንወለድ አልቀዋል። ከኛ ጋር በሰርግም በለቅሶም አይገናኙም ነበር።»

«ከበርም ከዓሣም አንበሳው ይሻላል» ብሎ ሳቀ። ሱቁ ለሁሉም አንበሳ ነው የሚሸጠው ልለው ብዬ ተውኩት። እኔም ሳቅሁ፣ እግዜር ይየው። በዚያ ቀን መሳቄ ገርሞኝ ነበር።

ምንጩ አጠገብ አወረድኩትና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥኩ። እማ በደህና ቀን ልብሷ መጥታለች፤ ጥቁር አልለበሰችም። መንደሩ በሙሉ ቆሟል። አጎቴ ክሎ ደጃፉ ላይ ወጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ታርኑዛ! አለ ወይ?»

ምንጩ ብቻ ይንፎለፎላል።

«ታርኑዛ! አለ ወይ?»

እማ ወደ ተራራው ታያለች። እኔ እሷን አያለሁ።

«ታርኑዛ! አለ ወይ?»

«አለሁ!»

ባልሴር፣ ክው ነው ያልኩት። ድምፁ ከምንጩ በኩል ነው የመጣው። ሊቪዮ የአንበሳ ሳሕኑን አጠገቡ አቁሞ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን በቋንጣ እየገመጠ፣ ጉንጩ እንደተሞላ እጁን አውጥቷል። ሐኪም ቤት ተራ የሚጠብቅ ሰው ስሙ ሲጠራ እንደሚያደርገው። ምን ያድርግ? የተጠራው ስሙ ነው፤ መለሰ።

አንድም ሰው አልሳቀም። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ የማይስቅ ፑንታልታ አይተህ ታውቃለህ? ቄሱ «ቱሪስት እኮ ነው፣ ቱሪስት ነው» እያሉ ወዲያ ወዲህ አሉ። አጎቴ ክሎ ወደ ሰውዬው ሄዶ መታወቂያውን ተቀበለና አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አነበበ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ስሙ ስሙ ነው» አለ። «ጋሻው አይገለበጥም።»

«አጎቴ ክሎ! ይሄ እኮ አንበሳ ነው!» ብዬ ጮህኩ። እንዴት ያለ ንግግር ነው በል! ሰው ሁሉ ግን ገባው።

«አንበሳም ይሁን ዓሣ አልጠየቅሁም። ልማዱ የሚጠራው ስም ነው፤ ስም መልሷል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማሽም?»

እማ ይህን ሁሉ አልሰማችም። ዝግ ብላ ወደ ሰውዬው ሄደች፣ ከእጁ ላይ ዳቦውን ቀማችውና፣ «ምሳ ሳይደርስ እየቆረስክ ኋላ ሳሕንህን አትጨርስም። ና፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል» አለችው። ላንተ የምትልህን፣ ቃል በቃል። እሱም ቋንቋችንን አንድ ቃል ሳያውቅ ተነሥቶ ተከተላት።

ያን ዕለት ከሰዓት በረዶው ወረደ። እንዲህ ያለ የኅዳር በረዶ አላየሁም። መንገዱ ተዘጋ፣ አውቶቡሴም ቆመ። ሰውዬው ማደሪያ ስላልነበረው አንተ ክፍል ውስጥ ተኛ። ሌላ ክፍል እንደሌለን ታውቃለህ። ቅር ብሎኛል፣ አልዋሽህም። የአልጋ ልብስህን ቀይሬ ያንተን ከካፖርትህ ጋር በሣጥን ቆለፍኩበት።

ግን እማ በላች! በሁለት እጇ ይዛ ሾርባዋን ጠጣች፣ ዳቦዋን ጠረገችበት፣ ከዚያ «ጨው አንሶታል» አለች። እሷ ምግብ ላይ እንከን ስታወጣ ስሰማ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውዬው እንዳይሄድ ነው የጸለይኩት። መንገዱ ሲከፈት እንኳ «አውቶቡሱ አለ» አላልኩትም። እሱም አልጠየቀም። ደግ ሰው ነበር፤ እንጨት መፍለጥ አይችልም፣ ግን ይፈልጣል። እማን ያስቃል። አጎቴ ክሎ በየመንገዱ «አንበሳው እንዴት ነው፣ አገሳ?» እያለ ይጠይቀኛል፤ መንደሩም ለመደው።

እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት ነው ይባላል። ይሄኛው ግን ሲከርም አንተን መሆን ጀመረ።

በመጀመሪያ አንደበቱ ነው። ቋንቋችንን ቶሎ ለመደ፤ «ጎበዝ!» አልኩት። ከዚያ ቶሎነቱ አላማረኝም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ድስቱን እያሳያት «እ... እ... እማ፣ ጨምሪልኝ» አላት። የእማ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። እኔ ደግሞ ደሜ ፈላ። አንተ ከሕፃንነትህ ጀምሮ ያቺ ቃል ከአፍህ እንዴት ተንተባትባ እንደምትወጣ እኔ ነኝ የማውቀው፤ በሷ ምክንያት ስንቱን ልጅ ደብድቤልሃለሁ!

«በወንድሜ ታፌዛለህ?» አልኩት።

«ምን አልኩ?» አለ። በእውነት አላወቀም። ዓይኑን አየሁት፤ የሚያሾፍ ሰው ዓይን አልነበረም። ያ እንደ ውኃ የሚወርደው ምላሱ ከዚያ በኋላ በጣልያንኛም ይይዘው ጀመር።

ቀጥሎ ጋሻው ነው። ነገሩን ላጣራ ብዬ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲወጣ እሱን አስቀረሁት። አባዬ ያስተማረንን ታስታውሳለህ፤ በአርማ ላይ ቀኝ የሚባለው የተመልካቹ ቀኝ አይደለም፣ ከጋሻው ኋላ የቆመው፣ ጋሻውን የያዘው ሰው ቀኝ ነው። የውጭ ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል። እኔም እንዲሳሳት ፈልጌ ነበር።

«በሩ ወደየት ነው የሚከፈተው?» አልኩት።

እኛ ከቆምንበት ወደ ግራ ነው የሚታየው። «ወደ ቀኝ» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። እያየሁት ነው። ከዚህ በኩል ወደ ቀኝ ነው።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ውጭው ጭጋግ ነው። ሰዎች ቆመዋል፣ ፊታቸው በደንብ አይታይም። አንቺ ግን ትታዪኛለሽ። ለምንድን ነው የማትጠሪኝ?»

አጠገቤ ነበር የቆመው ባልሴር፤ ክንዱ ክንዴን ይነካል። የሚያየኝ ግን ከዚያ በኩል ሆኖ ነው። ትከሻውን ይዤ ስነቀንቀው ሹራቡ ርጥብ ነበር፤ ጭጋግ ውስጥ ያደረ ሰው ሹራብ እንደሚረጥበው። ውጭው ፀሐይ ነው፣ እኛም ደረቅ ሆነን ነው የመጣነው። እየጎተትኩ ይዤው ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ?

ከዚያ በኋላ ነው ስልኩን የሰማሁት። በመሳቢያ ውስጥ፣ ከካልሲዎቹ ሥር ይጮኻል። አውጥቼ ሳየው «ፍራንካ» ይላል። ወስጄ ሰጠሁት።

«ፍራንካ ማን ናት?» አለኝ።

ተጣልተው ይሆናል ብዬ ተውኩት። በሌላ ቀን ሲጮኽ ግን እኔው አነሣሁት። አንዲት ሴት ወዲያው፣ ሰላም ሳትል፣ «ሊቪዮ? ሊቪዮ? ስለ እግዚአብሔር አንድ ቃል ተናገር» አለች። እህቱ ናት። ክረምቱን በሙሉ ስትደውል መልስ የለም፤ አንዴ ብቻ አንሥቶ በማታውቀው ቋንቋ ተናግሮ ዘጋባት። ለፖሊስ ብትነግር «ትልቅ ሰው ነው፣ ሲፈልግ ይመጣል» አሏት።

«እመቤቴ፣ ታሟል? አንዳች ነገር ሆኗል? ከሱ ሌላ እኮ የለኝም» አለችኝ።

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። አንተን ሊፈልጉ የወጡትን ሰዎች ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ያናገርኩበት የራሴ ድምፅ ነው። ደህና ነው፣ እኛ ጋ ነው፣ አድራሻችን ይህ ነው አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ከእማ ጋር መነጋገር የማይቀር ሆነ። ከእማ ጋር መነጋገር ማለት ደግሞ፣ ታውቃለህ፣ ከግድግዳ ጋር መጋፋት ነው።

ሱፍ እየፈተለች አገኘኋት። ሊቪዮ ጋጣ ውስጥ ነበር።

«እማ፣ ይሄ ሰው ባልሴር አይደለም።»

ቀና እንኳ አላለችም። «አንቺ ልትነግሪኝ ነው? የወለድኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«ታዲያ ካወቅሽ ለምን?»

«ስሙ ተጠርቶ ዝም ቢባል ኖሮ በዚያው ቀን ልቀብረው ነበር። ባዶ ሣጥን! ይሄ ሰው አለሁ አለልኝ። አለሁ ያለን ሰው አይደለህም ብዬ ላባርር? ዓሣም ይሁን አንበሳ፣ ይብላ፣ ይቀመጥ።»

«እየጠፋ ነው እኮ እማ። ራሱን እየረሳ ነው።»

«ይሁን፣ ያንዱ መጥፋት ለሌላው መገኘት ነው» አለች። እንዲህ ስትል ፈራኋት። እውነቴን ነው፣ የገዛ እናቴን ፈራኋት። ፈገግ ብላ ነበር።

ይህን እያልን ሊቪዮ ገባ፤ ስልኩም በኪሴ ውስጥ ጮኸ። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩትና ድምፁን ከፍ አደረግሁት። እማ ጣልያንኛ ትሰማለች፤ በልጅነቷ ሚላን ሰው ቤት ሠርታ የለ? የፍራንካ ድምፅ ወጥ ቤቱን ሞላው። እየመጣሁ ነው፣ ነገ ባቡር እይዛለሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ድምፁን አሰሙኝ ትላለች። ስልኩን ወደ ሊቪዮ ገፋሁት።

ጎንበስ ብሎ በትሕትና አዳመጣት። ከዚያ በኛ ቋንቋ፣ ዝግ ብሎ፣ «ተሳስተዋል እመቤቴ። እኔ ባልሴር ነኝ» አላት።

ከወዲያ በኩል የመጣው ልቅሶ የእህት አይመስልም፤ የእናት ነው የሚመስለው። ቃሉ ሳይገባት ነገሩ ገብቷታል። እማ እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ። ሰውዬውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሌላ ሰው ልጅ አየችው፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ጫማውን፣ እጁን፣ ፊቱን፣ ተራ በተራ። ከዚያ ስልኩን አንሥታ በዚያ በተሰባበረ ጣልያንኛዋ፣ «ልጄ፣ አታልቅሺ። ባቡር ጣቢያው ጋ ጠብቂ። እዚህ ድረስ አትምጪ፣ ብትመጪም አያውቅሽም። እኔ እልክልሻለሁ» አለቻት።

ተነሥታ ሣጥኗን ከፈተችና ጥቁር ቀሚሷን አወጣች።

አጎቴ ክሎ በመጀመሪያ አሻፈረኝ አለ። «ሁለት ጊዜ አይጠራም! ተጠርቷል፣ ተመልሷል። ከዚህ በፊት ተደርጎ አያውቅም።»

«ቱሪስት መልሶስ ያውቃል?» አለችው እማ። «የመለሰልህ ስሙ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። ቤቱን አላወቅህም፣ አርማውን አልጠየቅህም፣ ሰነፍ ስለሆንክ በአንድ መታወቂያ ጨረስከው። ይሄ ልጅ በራችን ውስጥ ተቀርቅሮ ቀርቷል። ጥራና አውጣው።»

«ባርላ፣ ብጠራና ዝም ከተባለ... የሚገለበጠው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አለች። «ልጄ ነው።»

አጎቴ ክሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ያ ሰው ለማንም ባርኔጣ ሲያወልቅ አይቼ አላውቅም።

ያለፈው እሑድ ነበር። ጭጋጉ ከወንዙ ተነሥቶ ምንጩ ድረስ መጥቶ ነበር፤ መንገዱ አይታይም። ሊቪዮን በመካከላችን አቆምነው፤ እኔ በአንድ ክንዱ፣ እማ በሌላው። ለምን እንደመጣን አልጠየቀም። ያንተን ካፖርት ለብሶ ነበር። ሣጥኑን መቆለፌን አልረሳሁም፤ ቁልፉም አንገቴ ላይ ነው። እንዴት እንዳወጣው አልጠየቅሁትም።

«ታርኑዛ! አለ ወይ?»

ሊቪዮ ጭጋጉን ለማየት ቀና አለ።

«ታርኑዛ! አለ ወይ?»

አፉን ከፈተ። ክንዱን አጥብቄ ያዝኩና «ሊቪዮ፣ ሊቪዮ፣ ትሪየስቴ፣ ፍራንካ» እያልኩ በጆሮው አንሾካሾክሁ። ወደ ጭጋጉ እንጂ ወደኔ አልዞረም።

«ታርኑዛ! አለ ወይ?»

እማ እጇን አነሣችና አፉን በመዳፏ ከደነችው። አጥብቃ፣ ከኋላ ማጅራቱን በሌላው እጇ ይዛ፤ ሕፃን እንዳይጮኽ እንደሚደረገው። ጥርሷን ነክሳ ነበር፤ እንባዋ ግን እንደ ልቡ ይወርዳል። አጎቴ ክሎ ጠበቀ። ከሚገባው በላይ ጠበቀ፣ እግዜር ይስጠው። ምንም አልተሰማም።

«ዛሬ ታርኑዛ» አለ አጎቴ ክሎ። «ከዛሬ በኋላ ማንም የለም።»

ገብተው ጋሻውን ገለበጡት። እኔ አልገባሁም። እማ እጇን ከሰውዬው አፍ ላይ ስታነሣ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ዙሪያውን አየ። ከዚያ በዚያ በሚወርደው ጣልያንኛው፣ «ይቅርታ እመቤቴ፣ ወደ ባቡር ጣቢያው የሚወርደው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው? እህቴ ሳትጨነቅ አትቀርም» አለኝ።

ወሰድኩት። መንገዱን ሙሉ ስለ ተራራችን ውበት ሲያወራልኝ ነበር፤ ክረምቱን የት እንዳሳለፈ አንድም ጊዜ አላነሣም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ፍራንካ ጣቢያው ላይ ቆማ ነበር፤ እንደ እኔ አጭር፣ እንደ እኔ ደረቅ ሴት። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ ደንግጦ «ምን ሆነሻል? ለጥቂት ቀን እኮ ነው የሄድኩት» ይላታል። እኔን ስታየኝ እጄን ይዛ ሳመችው። እኔ ደግሞ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? «ደህና አድርገሽ ያዢው» ነው ያልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ቤት ስመለስ እማ መብራት አጥፍታ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ነው፣ ጨብጣዋለች። ሻይ አፈላሁላት፣ በግራዋ ተቀበለችኝ።

«ሄደ?» አለች።

«ሄደ። እህቱ ወሰደችው። ደህና ነው፣ ራሱን አውቋል።»

«እሰይ።» ሻዩን አስቀምጣ፣ «ኔይዛ፣ ለማንም አትናገሪ» አለች። «ሦስተኛው ሲጠራ አለሁ ብሏል። እዚህ።» የጨበጠችውን እጇን አነሣች። «ትንፋሹ መዳፌ ውስጥ ነው የቀረው። ድምፁ የዚያ የጣልያኑ ልጅ አልነበረም። እኔ የወለድኩትን ልጅ ድምፅ አላውቅም? ባልሴር ነው። አለሁ እማ ነው ያለኝ። እኔ ደግሞ እንዳይወጣ አፈንኩት።»

ባልሴር፣ ምን ልበላት? «መስሎሽ ነው» አልኳት። «መስሎኝ ይሆናል» አለች፣ ለኔ ብላ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያቺን እጅ አልዘረጋችም። እኔ ነኝ የማጎርሳት፤ የምትበላው ግን ትበላለች። ያ ያስጨነቀኝ ምግብ አለመብላቷ አልተመለሰም። አንዳንዴ ጡጫዋን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ትቀመጣለች። ስገባ ታወርደዋለች።

እኔ እውነቱን አላውቅም። ያ ሰው አንተ ነበርክ፣ ወይስ ክረምት ያሳበደው የሰው ልጅ፣ አላውቅም። የማውቀው እናትህ አንተን ከዚያች ሴት ወንድም ጋር ሚዛን ላይ አስቀምጣ በገዛ እጇ እንደመረጠች ነው። ባንተ ቦታ ብሆን እቆጣ ነበር። አንተ ግን ከኔ ትሻላለህ፤ ስለዚህ አትቆጣት። ሕያው ከሆንክ፣ የትም ሁን፣ ስም ሳትጠብቅ ና፤ ስምህ ቢገለበጥም አልጋህ አለ። ይህን ወረቀት መንገዱ ሲደርቅ ላይኛው ጎጆ ድረስ ይዤው እወጣለሁ።

ሌላ ሁሉንም ጽፌልሃለሁ፤ አንዲት ቃል ብቻ እስከዛሬ ከእጄ አልወጣችም ነበር። ቄሱ እንድላት ለመኑኝ፣ ጎረቤት ለመነኝ፣ ጠፍተህ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆን እንቢ ብዬ ቆየሁ። እማ ያን ካደረገች በኋላ ግን እኔ የምቆጥባት ምክንያት የለኝም።

ነፍስህን ይማር፣ ወንድሜ።

እህትህ
ኔይዛ ታርኑዛ
ፑንታልታ